በርናባስና ማርቆስ፦ ሰውን እንዳለ ስለ መቀበል

በክርስትና ትምህርት መንፈሳዊ መሪነት ማለት ሰዎችን አሰባስቦ አንድን ሥራ ከዳር ማድረስ ብቻ ሳይሆን ነፍሳትን መጠበቅ፣ የወደቀውን ማንሣት፣ የቆመውም እንዳይወድቅ መደገፍ ነው። ይህ አደራ የተሰጠው ሰው በአንዱ ትውፊት የንስሐ አባት፣ በሌላው መጋቢ ወይም ሽማግሌ፣ በጥንቱ የቤተ ክርስቲያን አጠራርም ኖላዊ፣ ማለትም እረኛ፣ ይባላል። ስሙ ቢለያይም በፊቱ የሚቆመው ጥያቄ አንድ ነው፤ የሚመራቸው ሰዎች ሊሆኑ የሚገባቸውን ሳይሆን የሆኑትን ሆነው ሲመጡ ምን ያደርጋል? ሰውን እንዳለ ይቀበል ቢባል ኃጢአትን አቃለለ የሚል ስጋት ይነሣል፤ እስኪስተካከል ድረስ አይቀበለው ቢባል ደግሞ ሰው መሪ የሚያጣው ከምንጊዜውም ይልቅ መሪ በሚያስፈልገው ሰዓት ይሆናል።

ለዚህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ መቀበልን ከልብ ደግነት ጋር ብቻ የሚያያይዝ ነው። ደግ መሪ ይታገሣል፣ ይቅር ይላል፣ ለመፍረድ አይቸኩልም ይባላል፤ ይህም እውነት ነው። ይሁን እንጂ መቀበል ከደግነት አስቀድሞ የዕውቀት ሥራ ነው። መሪ ሰውን ተቀበለ ሊባል የሚችለው በልቡ የሣለውን የተሻለ ሰው ትቶ በፊቱ የቆመውን ሰው ከነፍርሃቱ፣ ከነታሪኩና ከነአቅሙ ልክ አይቶ፣ ምክሩንም ተግሣጹንም ከዚያ ሲጀምር ነው። በሐሳብ ብቻ ያለን ሰው ማንም ሊገሥጸውም ሊፈውሰውም አይችልም፤ መሪው የሚናገረው ለዚያ ለሌለው ሰው እስከሆነ ድረስ ቃሉ የቱንም ያህል እውነት ቢሆን በፊቱ ያለው ሰው ጋ አይደርስም።

ይህ በአዲስ ኪዳን ውስጥ ከማንም ይልቅ ጎልቶ የሚታየው ጥቂት ተናግሮ ብዙ በሠራው በበርናባስ ነው። ትውልዱ ከሌዊ ወገን፣ አገሩ ቆጵሮስ፣ የመጀመሪያ ስሙም ዮሴፍ ሲሆን የመጽናናት ልጅ የሚል ትርጉም ያለውን ስም ያወጡለት ሐዋርያት ናቸው። ሳውል ካመነ በኋላ ወደ ኢየሩሳሌም በመጣ ጊዜ ደቀ መዛሙርቱ ሁሉ ፈርተውት ነበር፤ ፍርሃታቸውም ከንቱ አልነበረም፤ ይህ ሰው ቤት ለቤት እየገባ ወንዶችንና ሴቶችን ጎትቶ ወደ ወኅኒ ሲያስገባ የኖረ ነውና አምኛለሁ ማለቱ ለማጥመጃ የታሰበ ዘዴ ሊሆን ይችል ነበር። በርናባስ ግን ይዞት ወደ ሐዋርያት ገባ፤ በመንገድ የሆነለትንና በደማስቆ በድፍረት ማስተማሩን ተረከላቸው። በርናባስ የሳውልን ያለፈ ሕይወት አልሸሸገም፣ ሰው ሁሉ በመሠረቱ ደግ ነው ብሎም አልተከራከረም፤ ያደረገው ሌሎቹ ከፍርሃታቸው የተነሣ ሊሰሙት ያልቻሉትን የሰውየውን የቅርብ ታሪክ ማወቅና ስለ እርሱ መቆም ነው። በአንጾኪያም እንዲሁ ሆነ፤ ከአሕዛብ የመጡ ሰዎች የተሞሉበትን፣ ከኢየሩሳሌሙ ጉባኤ መልኩ የተለየውን ማኅበር እንዲያይ በተላከ ጊዜ አይቶ ደስ አለው፤ ለዚህ ሕዝብ የሚስማማው መምህር ማን እንደሆነም ስለተረዳ ሳውልን ሊፈልግ ወደ ጠርሴስ ወረደ።

የበርናባስ ጠባይ የተፈተነው ግን ዮሐንስ ተብሎም በሚጠራው በማርቆስ ነው። ማርቆስ በመጀመሪያው የስብከት ጉዞ ከበርናባስና ጳውሎስ ተብሎም ከሚጠራው ከሳውል ጋር ወደ ቆጵሮስ ሄዶ አገለገለ፤ ባሕሩን ተሻግረው በጵንፍልያ ወዳለችው ወደ ጴርጌን በደረሱ ጊዜ ግን ትቷቸው ወደ ኢየሩሳሌም ተመለሰ። ለምን እንደተመለሰ የሐዋርያት ሥራ ጸሐፊ አልገለጸም። ሁለተኛው ጉዞ ሲታሰብ በርናባስ ማርቆስን እንውሰድ አለ፣ ጳውሎስ እምቢ አለ፤ ጠባቸው ስለበረታም ተለያዩ፤ በርናባስ ማርቆስን ይዞ ወደ ቆጵሮስ፣ ጳውሎስ ሲላስን ይዞ በሶርያና በኪልቅያ በኩል ሄዱ።

ይህ መለያየት የተጻፈበት ቦታ ራሱ ትኩረት ይሻል። በሐዋርያት ሥራ በ15ኛው ምዕራፍ ይህ ጠብ ከመነገሩ አስቀድሞ የሚተረከው የኢየሩሳሌም ጉባኤ ነው፤ በዚያም ጉባኤ ከአሕዛብ የሚያምኑ ሰዎች ግዝረት ሳይጠየቁ እንዲቀበሏቸው ጳውሎስ ከበርናባስ ጋር ሆኖ ተሟግቷል። ሕዝቦችን ሁሉ እንዳሉ የመቀበልን ትምህርት ከማንም በላይ ያጸናው ሐዋርያ ያንኑ ወራት አንድ ወጣት ባልንጀራውን መቀበል ከበደው። መቀበልን በትምህርት ደረጃ ማመንና አብሮ ተጉዞ፣ አብሮ በልቶ፣ በጭንቅ ሰዓት ጥሎ የሄደን አንድ ሰው መቀበል የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ በመድረክ ስለ ኃጢአተኞች ሁሉ በእንባ የሚሰብኩ መሪዎች አብሯቸው የሚያገለግለውን ዘገምተኛ ዲያቆን ወይም ተናዳፊ መዘምር መታገሥ የሚያቅታቸውም ከዚህ የተነሣ ነው። ነገሩን ይበልጥ የሚያስደንቀው ደግሞ ጳውሎስ ራሱ በሌሎች ዓይን ሊታመን የማይገባው ሰው በነበረበት ጊዜ የተቀበለው ያው በርናባስ መሆኑ ነው።

ይሁን እንጂ ለጳውሎስ የሚቀርበው ሙግት ቀላል አይደለም። የመጀመሪያው ጉዞ ጳውሎስ በልስጥራን በድንጋይ ተወግሮ፣ ሞተ ተብሎ ከከተማ ውጭ የተጣለበት ጉዞ ነው፤ እንዲህ ባለ መንገድ ላይ በመካከል የሚመለስ ሰው የራሱን ድርሻ ብቻ ሳይሆን የሌሎችንም ሕይወት ያጋልጣል። ጳውሎስ እምቢ ያለው ማርቆስ ከጉዞው ጋር እንዳይሄድ እንጂ ከወንድሞች ኅብረት እንዲለይ አይደለም። ሰውን መቀበል ለሰው የፈለገውን ኃላፊነት መስጠት አይደለምና፣ ይህን ልዩነት ያላስተዋለ መሪ በርኅራኄ ስም ላልጸና ሰው ከባድ ሸክም አሸክሞ ሁለተኛ ውድቀት ያስከትልበታል። እዚህ ላይ የጳውሎስ ፍርድ ትክክለኛ ዕውቀት ነበረው ማለት ይቻላል፤ ማርቆስ በዚያን ጊዜ ለዚያ መንገድ አልተዘጋጀም።

የበርናባስ ዕውቀት ግን አንድ ርምጃ ይቀድማል። ማርቆስን ይዞ የሄደው ወደ ቆጵሮስ ነው፤ ቆጵሮስ ደግሞ የበርናባስ አገር ከመሆኗም በላይ ማርቆስ በመጀመሪያው ጉዞ ሳይሸሽ ያገለገለባት ደሴት ናት። የተመለሰው ከዚያ ወዲያ፣ የማያውቀው ምድር ሲጀምር ነው። በርናባስ ይህን አስቦ ማድረጉ አልተጻፈም፤ ያደረገው ነገር ግን ተጽፏል፤ የወደቀውን ሰው ወደ ወደቀበት ቦታ ሳይሆን ቆሞ ወደነበረበት ቦታ መለሰው። ማርቆስን እንዳለ መቀበል ማለት ድክመቱን ብቻ ሳይሆን ድክመቱ የት ቦታ እንደሚጀምር፣ ከዚያ በፊትም የትኛውን መንገድ በእግሩ ቆሞ ሊሄድ እንደሚችል ማወቅን ይጨምራል። ብዙ መሪዎች የሰውን ውድቀት ያውቃሉ፤ የአቅሙን ድንበር የሚያውቁት ግን ጥቂቶች ናቸው።

በዚህ ላይ ሁለት ነገሮች በሐቅ መነገር አለባቸው። አንደኛው ማርቆስ የበርናባስ ዘመድ መሆኑ ነው፤ ይህን የሚነግረን የቆላስይስ መልእክት ነው። ስለዚህ የበርናባስ መቀበል ከሥጋ ዝምድና የመጣ አድልዎ ነበር የሚል ሊነሣ ይችላል፤ በቤተ ክርስቲያን አስተዳደር ዘመድን በአገልግሎት ስም ማስገባት ያስከተለውን ጉዳት ያየ ሰው ይህን ጥርጣሬ ሊንቀው አይገባም። መልሱ የሚገኘው በርናባስ ዘመዱ ያልሆነውን፣ እንዲያውም አሳዳጅ የነበረውን ሳውልን በዚያው ልብ መቀበሉ ላይ ነው፤ ለዘመዱ ብቻ የሚራራ ሰው በኢየሩሳሌም ለሳውል ባልቆመ ነበር። ሁለተኛው ከበድ ያለ ነው። ለገላትያ ሰዎች በተጻፈው መልእክት እንደሚነገረው ጴጥሮስ በአንጾኪያ ከአሕዛብ ወገን ካሉት አማኞች ማዕድ ራሱን በለየ ጊዜ በርናባስም በግብዝነታቸው ተስቦ ነበር። ከሰው ሁሉ ጋር መቆም የሚችል ልብ ከመጣው ሰው ሁሉ ጋር የመጎተት አደጋ አለበት፤ ሰውን የሚቀበል መሪ ፊት ለፊቱ ያለውን ሰው ላለማስከፋት ሲል በዚያ የሌለውን ሰው ሊጥል ይችላል። በዚያ ቀን በአንጾኪያ የተጣሉት ከኢየሩሳሌም ከመጡት እንግዶች ፊት ድምፅ ያልነበራቸው አሕዛብ ነበሩ፤ እነርሱን የተቀበለው ደግሞ በግልጽ የተቃወመው ጳውሎስ ነው። ስለዚህ መቀበል ከጳውሎስ ጽናት ተለይቶ ብቻውን አይበቃም።

የማርቆስ ታሪክ በቆጵሮስ አልቆመም። በኋላ በተጻፉት መልእክቶች ስሙ ከጳውሎስ ጋር አብረው ከሚሠሩት መካከል ይነሣል፤ ጳውሎስም የቆላስይስን ሰዎች ወደ እነርሱ ቢመጣ እንዲቀበሉት ይነግራቸዋል፤ በሁለተኛው የጢሞቴዎስ መልእክት ደግሞ ለአገልግሎት ስለሚጠቅመው ይዞት እንዲመጣ ጢሞቴዎስን ይጠይቃል። የጥንቱ ትውፊት ማርቆስን የወንጌሉ ጸሐፊና የእስክንድርያ መንበር መሥራች ያደርገዋል። አትናቴዎስ በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የተባለውን ፍሬምናጦስን ለኢትዮጵያ ጳጳስ አድርጎ የላከው ከዚህ መንበር ነው፤ አቡነ ባስልዮስ በ1943 ዓ.ም. የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሊቀ ጳጳስ ሆነው እስከተሾሙበት ጊዜ ድረስም የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ሊቃነ ጳጳሳቷን የተቀበለችው ከማርቆስ መንበር ነበር። እንግዲህ የአንድ አገር ክህነት ለአንድ ሺህ ስድስት መቶ ዓመታት ያህል የተቀዳው በመንገድ መካከል ጥሎ በተመለሰ ወጣት ስም ከሚጠራ ምንጭ ነው። በርናባስ ይህን ሊያውቅ አይችልም ነበር፤ ፍሬውን አይቶ አይደለም የተቀበለው።

ከሐዋርያት ዘመን በኋላ ይህን የመቀበል ዕውቀት በጽሑፍ ካብራሩት አባቶች አንዱ ነባቤ መለኮት የተባለው ጎርጎርዮስ ዘእንዚናዙ ነው። አባቱ ያለ ፈቃዱ ቅስና ቢሾመው ወደ ጳንጦስ ሸሸ፤ በ362 እ.ኤ.አ. ተመልሶም የሸሸበትን ምክንያት በሰፊው ጻፈ። በእርሱ አስተሳሰብ ሰውን መምራት ከጥበቦች ሁሉ የከበደው ነው፤ የነፍስ ሐኪም ሥራ ከሥጋ ሐኪም የሚከብደውም በሽተኛው ራሱ በሽታውን ስለሚሸሽግና ከመድኃኒቱ ጋር ስለሚታገል ነው። አንዱን ምስጋና ያነሣዋል፣ ሌላውን ያው ምስጋና ያስታብየዋል፤ አንዱ በአደባባይ ሲገሠጽ ይታረማል፣ ሌላው ግን ይሰበራል። ይህን ሐሳብ ከሁለት መቶ ዓመታት በላይ ቆይቶ የሮሙ ጎርጎርዮስ ስለ እረኝነት በጻፈው መጽሐፍ በሰፊው አስፋፋው፤ የመጽሐፉ ሦስተኛ ክፍል ድኻና ባለጠጋ፣ ደስተኛና ኀዘንተኛ፣ ትዕግሥት ያለውና ትዕግሥት የሌለው እያለ ሰዎችን ጥንድ ጥንድ አድርጎ ለእያንዳንዱ የሚገባውን ምክር ይለያል።

በሮሙ ቄሣር በዳኬዎስ ዘመን በሰሜን አፍሪካዋ ከተማ በካርታጎ የሆነው ደግሞ መቀበል ከመላላትም ከመጨከንም የተለየ መሆኑን በታሪክ የሚያሳይ ነው። ቄሣሩ በ250 እ.ኤ.አ. ገደማ የግዛቱ ነዋሪ ሁሉ ለአማልክት እንዲሠዋና የሠዋበትን የምስክር ወረቀት እንዲይዝ ባዘዘ ጊዜ ብዙ ክርስቲያኖች ሠዉ፤ ሌሎችም ሳይሠዉ ወረቀቱን በገንዘብ ገዙ። ስደቱ ሲበርድ እነዚህ ሰዎች ወደ ቤተ ክርስቲያን ተመለሱ። በአንድ ወገን ያለ ንስሐ ወዲያው ይግቡ የሚሉ ነበሩ፤ በሌላ ወገን በሮም የነበረው ኖቫቲያኖስ ለእነርሱ ቤተ ክርስቲያን ዳግመኛ በሯን ልትከፍት አትችልም አለ። የካርታጎው ጳጳስ ቆጵርያኖስና በ251 እ.ኤ.አ. የተሰበሰቡት ጳጳሳት የመረጡት ሦስተኛውን መንገድ፣ ማለትም የእያንዳንዱን ነገር ለይቶ መመርመርን ነው። ወረቀት ብቻ የገዛው ከሠዋው ተለየ፤ ከሠዉትም መካከል ሳይጠሩት ሮጦ የሄደው ብዙ ታግሎ ከተሸነፈው፣ ቤተሰቡን ሁሉ ይዞ የሄደውም ብቻውን ቀርቦ ሚስቱንና ልጆቹን ከመሠዋት ካዳነው ጋር እኩል እንዳልሆነ ቆጵርያኖስ ጻፈ።

ሁለቱ ተቃራኒ ወገኖች በአንድ ነገር መስማማታቸው ልብ ሊባል ይገባል፤ አንዱ ሁሉንም ሊያስገባ፣ ሌላው ሁሉንም ሊያስቀር ቢፈልጉም ሁለቱም ማንን እንደሚያስገቡ ወይም እንደሚያስቀሩ መጠየቅ አላስፈለጋቸውም። ያ ሚስቱን ከኋላው ትቶ እየተንቀጠቀጠ ወደ መሠዊያው የወጣው ሰው በአንደኛው ዘንድ ምንም እንዳልበደለ፣ በሁለተኛው ዘንድ ምንም እንዳልታገለ ይቆጠራል። ታሪኩን ጠይቆ የሰማው፣ በደሉን በደል ብሎ ትግሉንም ትግል ብሎ የጠራለት ቆጵርያኖስ ብቻ ነው። ቆጵርያኖስ ራሱ በስደቱ ወራት ተሸሽጎ በደብዳቤ መንጋውን የመራ፣ በዚህም የተነቀፈ ጳጳስ መሆኑ፣ በ258 እ.ኤ.አ. ግን ሳይሸሽ በሰማዕትነት ማረፉ፣ የሰው አቅም በዘመናት መካከል እንደሚያድግ ለሚያስብ ሰው ትንሽ ነገር አይደለም።

መሪ ከአንድ ሰው ይልቅ አንድን ማኅበር እንዳለ መቀበል ሲከብደው ደግሞ ችግሩ ሌላ መልክ ይይዛል። በናዚ ዘመን ጀርመናዊው ዲትሪኽ ቦንሆፈር የመንግሥትን ቁጥጥር ላልተቀበለችው ቤተ ክርስቲያን ወጣት ካህናትን በፊንከንቫልደ በኅብረት ኑሮ ያሠለጥን ነበር፤ ማሠልጠኛው በ1937 እ.ኤ.አ. በጌስታፖ ተዘጋ፣ ቦንሆፈርም ከዚያ ኑሮ የተማረውን በ1939 እ.ኤ.አ. በታተመ አነስተኛ መጽሐፍ አቀረበ። የመጽሐፉ ጠንካራ ሐሳብ መሪ ስለ ማኅበሩ ያለው የተዋበ ሕልም ለማኅበሩ አደገኛ ነው የሚል ነው፤ ሕልሙን ከሰዎቹ አብልጦ የሚወድ መሪ ሕልሙ ሳይፈጸም ሲቀር መጀመሪያ ሰዎቹን፣ ቀጥሎ እግዚአብሔርን፣ በመጨረሻም ራሱን ይከሳል። ይህ ከፍ ያለ መንፈሳዊ ቅናት ላላቸው መሪዎች በተለይ የሚከብድ ቃል ነው፤ ሰነፍ መሪ በሕልም አይታመምም፤ ምእመናኑን ሁልጊዜ ከሌላ አጥቢያ፣ ከሌላ ዘመን ወይም ከገድል ጋር እያስተያየ የሚያዝነው ትጉህ መሪ ግን በዚህ ሕመም ይወድቃል፤ ምእመናኑም የማይወዳቸው መሆኑን ሳይናገር ያውቁበታል።

በዘመናችን መቀበል የሚለው ቃል ከሁሉ የከፋ ጥፋት ያደረሰው ሥልጣን ያለው ሰው ደካማውን በጎዳ ጊዜ መሸሸጊያ ሲሆን ነው። በብዙ አገሮች ባሉ አብያተ ክርስቲያናት ልጆችን የበደሉ አገልጋዮች ከአጥቢያ ወደ አጥቢያ ሲዛወሩ ለእነርሱ ርኅራኄ እንደተደረገ ተቆጥሯል። ይህ ግን መቀበል አይደለም፤ መቀበል ዕውቀት ከሆነ መሸሸግ ተቃራኒው ነው። በደለኛውን እንዳለ መቀበል በደለኛ መሆኑን አውቆ ንስሐ እንዲገባ፣ ለሕግም እንዲቀርብ፣ ዳግመኛ ልጅ በሌለበት እንዲኖር ማድረግን ይጠይቃል። ከዚህም በላይ የተጎዳው ሰውም እንዳለ ሊቀበሉት የሚገባ ሰው ነው፤ ከነቁጣው፣ ይቅር ማለት ገና ካቃተው ልቡ ጋር። ለአጥፊው ታግሦ ለተጎዳው ግን ፈጥነህ ይቅር በል የሚል መሪ ካየው ሰው ይልቅ ያላየው ሰው ይበዛል።

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ይህ ሁሉ የሚፈተነው በንስሐ አባትና በንስሐ ልጁ መካከል ነው። የንስሐ አባት ቤተሰቡን በቤቱ የሚጎበኝ፣ ጠበል የሚረጭ፣ ልጆቹ ሲወለዱም ሽማግሌዎቹ ሲያርፉም አብሮ የሚኖር ካህን ስለሆነ ቀኖናን፣ ማለትም ከኑዛዜ በኋላ የሚታዘዘውን ጾም፣ ስግደት ወይም ምጽዋት፣ ሲሰጥ የሚሰጠው ለሚያውቀው ሰው ነው። ጉልበቱ የሚያመው ሽማግሌ፣ የምታጠባ እናት፣ ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ሲሸከም የሚውል የቀን ሠራተኛ አንድ ዓይነት ስግደት አይታዘዙም። ብዙ ጊዜ ይህ እንደ ቀላል ልማድ ቢታይም ከሁለቱ ጎርጎርዮሶች ትምህርት የማይተናነስ ጥበብ አለበት።

ይህ ጥበብ ዛሬ በአዲስ ሁኔታ ይፈተናል። በዓረብ አገሮች በቤት ሠራተኝነት የሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያት ከፋላ በሚባለው አሠራር የመኖሪያ ፈቃዳቸው ከአሠሪያቸው ጋር የታሰረ ነው፤ በሳውዲ ዓረቢያ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን በይፋ መሥራት አይፈቀድም። እንዲህ ያለች ሴት በስልክ የንስሐ አባቷን ስታገኝ አባ፣ ጾሙን ፈትቻለሁ፣ ቅዳሴ ካየሁ ዓመታት ሆኑኝ፣ እሑድንም ከሌላው ቀን አልለየውም ትላለች። ካህኑ የሚያውቃት ከመንደሯ ስትወጣ የነበረችውን ልጅ ነው፤ አሁን በስልኩ ላይ ያለችው ሴት የምትተኛበትን ክፍል፣ የምትበላበትን ሰዓት፣ ማታ በሯን መዝጋት ትችል እንደሆነም አያውቅም። የለመደውን ቀኖና ፈጥኖ ቢያዝዝ የሚያዝዘው ለዚያች ለሄደችው ልጅ ነው፤ ምንም አይደለም ብሎ ቢያልፈውም እንዲሁ አላያትም፤ እርሷ ኃጢአት ያለችውን ነገር እንደ ኃጢአት መቁጠሯ እምነቷ ያልሞተ መሆኑን የሚያሳይ የመጨረሻ ገመድ ሊሆን ይችላልና። ስለዚህ ከማዘዙ በፊት መጠየቅ አለበት፤ ስንት ሰዓት እንደምትነሣ፣ ብቻዋን የምትሆንበት ጊዜ እንዳለ፣ የማተብ ክሯን አንገቷ ላይ እንደያዘች ወይም እንዳወለቀች፣ የሚመታት ሰው እንዳለ፣ ሸሽታ የምትጠጋበት ዘመድ እንዳላት። የመጨረሻዎቹ ሁለት ጥያቄዎች ከኑዛዜ ውጭ የሆኑ ይመስላሉ፤ የሚመጣው መልስ ግን ካህኑ ከዚያ ቀን ጀምሮ ለዚህች ልጁ ምን ዕዳ እንዳለበት የሚነግረው እርሱ ነው።